በወንድሜ ፊት ላይ የነበረው ኤክስ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ አንድም ቃል አልጨመርኩበትም።

እንዲያውም ቀንሼለታለሁ።

ወሩ የካቲት ነበር። ከቀኑ አስር ሰዓት። ከኒውዮርክ ብዙ በማትርቀው ስክራንተን ከተማ፣ ከድሮው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ በላይ ባለው ዳገት፣ በወላጆቼ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ። ውጪ በረዶ ይጥላል፤ በመስኮት የሚገባው ብርሃን መርፌ ያስለቅማል። ይህን የምነግራችሁ «ጨለማ ስለነበር መስሎሽ ነው» እንዳትሉኝ ነው።

ጨለማ አልነበረም።

ቢያንስ ሁሉም ቦታ አልነበረም...

ስሜ ናዲን ኮቫሊክ ነው። ሥራዬ ኮሚክ፣ ማለትም በሥዕል የሚነገር ታሪክ፣ ማቅለም ነበር። ሰዓሊው በእርሳስ ይስላል። እኔ በእርሳሱ መስመር ላይ በብሩሽና በጥቁር ቀለም እሄድበታለሁ፤ ሲደርቅ እርሳሱን በላጲስ አጠፋለሁ። ከዚያ ገጹ ኒውዮርክ ሄዶ ይታተማል። «ታዲያ አንቺ ምኑን ሠራሽው?» የሚሉኝ ሰዎች ሞልተዋል።

ወንድሜ ሩዲ ደግሞ ከሁሉም ይብስ ነበር። «እህቴ እኮ በሰው መስመር ላይ የምትራመድ አርቲስት ናት» ይላል፣ ያውም እንግዳ ፊት። ያናድደኛል። ግን አልዋሸም። ባዶ ወረቀት ሰጥታችሁ ድመት ሳዪ ብትሉኝ የሚወጣው ድንች ነው።

የማቀልምላቸው ሰዓሊ ኦርቪል ቴንች ይባላሉ። የዚያን ጊዜ አስፈሪ ኮሚክ ያነበበ ሰው ስማቸውን ባያውቅ እጃቸውን ያውቃል። በወጣትነታቸው ኒውዮርክ ሄደው የወንበዴ ታሪክ ይስሉ ነበር። ቀጥሎ መቃብር፣ ሬሳ፣ ባሕር የሰመጡ ሙሽሮች። ከዚያ እናቶች ተቆጡ። «ልጆቻችን ተበላሹ» ተባለ፤ መጽሔቶቹ በየትምህርት ቤቱ ግቢ ተከምረው ተቃጠሉ፤ የሚስተር ቴንች እንጀራም አብሮ ነደደ። ብዙ ዓመት ለጋዜጣ የጫማና የውስጥ ልብስ ማስታወቂያ ሲስሉ ኖሩ።

«በውስጥ ልብስ ቆማ ከምትስቅ ሴት ሬሳ ይሻለኛል» ይሉ ነበር። «ሬሳ ቢያንስ አይዋሽም።»

ጊዜው ተለውጦ አስፈሪ መጽሔት እንደገና መታተም ሲጀምር እሳቸውም ተመለሱ። አሳሳላቸው ግን ሌላ ሆኖ ነበር። ድሮ ትሉን ሳይቀር አንድ በአንድ ነበር የሚስሉት። አሁን ትሉን ተዉት። አንድ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ ገርበብ ያለ በር... ከበሩ ወዲያ ድፍን ጥቁር። በቃ።

«አንባቢው የሚፈራውን ነገር ራሱ ይዞ ይመጣል» ይሉኛል። «እኔ ማስቀመጫውን ነው የማዘጋጅለት።»

እንግዲህ ያ ጥቁር የሚሞላበት ቦታ ላይ ሰዓሊው በእርሳስ ትንሽ ኤክስ ያደርጋል። በሙያችን የታወቀ ነገር ነው። ኤክስ ካየሁ አልጠይቅም፣ አላስብም። እሞላዋለሁ።

ሌላው አመላቸው ሰው ሳያዩ አለመሳላቸው ነበር። ካሜራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሰፈሩን ሰው እያስቆሙ ያነሳሉ። በሥዕል ሥጋ ሻጩን በገዛ መንጠቆው ላይ ሰቅለውታል። የቤተ ክርስቲያናችንን ኦርጋን ተጫዋች አይጥ አስበልተዋታል። ቅር የሚለው ሰው የለም። እንዲያውም የሚቀየመው ያልሞተው ነው።

«ሚስተር ቴንች፣ እኔን የሚገድሉኝ መቼ ነው?» ይላቸዋል አንዱ መንገድ ላይ።

«ተራህን ጠብቅ! ገና ቄሱ አሉ!»

ከሰው ሁሉ የሞት ሱስ የያዘው ግን ሩዲ ነው። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሰምጧል፣ ተቃጥሏል፣ ከነነፍሱ ተቀብሯል። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ልጆቹ አውቶቡሱ ውስጥ «ሩዲ ሞተ፣ ሩዲ ሞተ» እያሉ ይዘፍኑበታል፤ እሱም መሪውን እየደበደበ አብሯቸው ይዘፍናል።

እናትና አባታችን ካረፉ በኋላ በዚህ ምድር ላይ ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ።

የመጨረሻው ታሪክ የአውቶቡስ ሹፌር ታሪክ ነው። ከሥራ ሲመለስ ወጥ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ይጠብቀዋል። ፎቶው የተነሳው እኛው ቤት፣ እኛው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። ሚስተር ቴንችን ሚስታቸው መርል እጃቸውን ይዛ ነው ያስገባቻቸው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት፣ አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ አጎንብሰው ነበር የሚስሉት።

ገጾቹ መጡልኝ። ማቅለም ጀመርኩ።

መጀመሪያ ላይ የኛ ምድር ቤት በር አለ። ትንሽ ተከፍቷል። ክፍተቱ ውስጥ ኤክስ።

ሞላሁት።

በማግስቱ ሩዲ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ጎመን ሊያመጣ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ማለቴ... ሊወርድ በሩን ከፈተ።

«ናዲን! አምፖሉ ተቃጥሏል!»

«ቀይረዋ! እጅ የለህም?»

ቀየረው።

«ናዲን... እስኪ ነይ።»

ሄድኩ። አምፖሉ በርቷል። ክሩ ሲግል ይታየኛል። ደረጃው ግን አይታይም። ግድግዳው አይታይም። አምፖሏ ለራሷ ብቻ ነው የምታበራው።

«አምፖል ነው ወይስ የአምፖል ፎቶ ነው የሸጡልን?» አለ ሩዲ።

ሳቅን። ጎመኑ ቀረ። በሩን ዘጋነው፤ አምፖሉን ማጥፋት እንኳ ረሳን።

ቀጣዩ ገጽ ላይ የምንበላበት ጠረጴዛ አለ። ከሥሩ ኤክስ።

ሞላሁት።

እሁድ ምሳ ላይ ከሩዲ እጅ ማንኪያ አምልጦ ወደቀ። ቀና ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ። ሁለታችንም ድምፁን እየጠበቅን ነበር።

ድምፅ የለም።

ሩዲ ጎንበስ ብሎ እጁን ከጠረጴዛው ሥር ሰደደ። እስከ ክርኑ ገባ። እስከ ትከሻው ገባ። ከወንበራችን እስከ ወለሉ እኮ አንድ ክንድ አይሞላም።

«ወለሉ የት ሄደ?» አለ በሹክሹክታ።

«እጅህን አውጣ።»

«ናዲን፣ ወለሉ...»

«አውጣ አልኩህ!»

አወጣ። እጁን ብብቱ ውስጥ ወሸቀ።

«ምን ነካህ?» አልኩት።

«ምንም። ምንም ነገር አልነካሁም... እሱ እኮ ነው ችግሩ።»

እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የቀኑ ብርሃን እስከ ጠረጴዛው እግር መጥቶ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ ድፍን ጥቁር። ጠርዙን ልብ ብዬ አየሁት። አውቀዋለሁ። ጥግ ላይ ስደርስ ብሩሼን ትንሽ የማሾል ልማድ አለኝ። ያ ጠርዝ ጥጉ ላይ ሾሏል።

የኔ ብሩሽ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሩዲ ሥራ ላይ ሳለ ገጾቹን ይዤ ወደ ሚስተር ቴንች ቤት ገሰገስኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኘኋቸው። መርል እግሬ ላይ ያለውን በረዶ አይታ ተቆጣችኝ፤ ሻይ ልታፈላ ገባች።

«ሚስተር ቴንች፣ እነዚህን ኤክሶች ለምን እዚህ አደረጓቸው?»

«የምን ኤክስ?»

«የጥቁሩን ምልክት ነዋ።»

ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እኔ ኤክስ ካደረግኩ ከረምኩ። ለዓይኔ ትንሽ ነው፣ አይታየኝም። ጥቁሩ የት እንደሚውል አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ተውኩልሽ። ደግሞስ ጥሩ ነው የምትመርጪው! መርል ሁሌ ትነግረኛለች።»

ገጾቹን ደረቴ ላይ ለጠፍኳቸው።

«እኔ አልመረጥኩም...» አልኩ።

ሳቃቸው ቆመ። እጃቸውን ዘረጉ። ገና ያላቀለምኩትን የመጨረሻውን ገጽ ሰጠኋቸው። ጣታቸውን በቀስታ ወረቀቱ ላይ አስኬዱ፣ እንደ ዓይነ ስውር አንባቢ። አንድ ቦታ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይሄ የኔ እጅ አይደለም» አሉ። «እኔ እርሳስ እንዲህ አልጫንም። ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።»

«የማን ነው ታዲያ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ። መርልን እንዳታስደነግጫት።» ወደኔ ጠጋ አሉ። «ያን ወጥ ቤት መሳል ከጀመርኩ ወዲህ ሰው ጀርባዬ ቆሞ የሚያየኝ ይመስለኛል። ዕድሜ ነው ብዬ ነበር... ለመሆኑ ምን ላይ ነው ምልክቱ? አይታየኝም፣ ንገሪኝ።»

አየሁ። የመጨረሻው የሥዕል ሳጥን ውስጥ ሩዲ የወጥ ቤታችን በር ላይ ቆሟል። ሚስተር ቴንች በሕይወታቸው ከሳሉት ፊት ሁሉ ያማረ ነው። እውነተኛ ሩዲ። ከመሃሉ...

«ፊቱ ላይ ነው» አልኩ።

መርል ጓዳ ውስጥ ሲኒ ስታንኳኳ ይሰማኛል።

«አትሙይው» አሉኝ።

«አልሞላውም!»

«ልጄ... ምንም ቢሆን። አታጥቁሪው።»

ዳገቱን እየሮጥኩ ወጣሁ። ቤት ስደርስ አስር ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም፤ ሩዲ አሁን ይደርሳል። ገጹን ወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ያለው መሥሪያ ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ ላጲስ አነሳሁ። ፈተግኩት። ላጲሱ አለቀ እንጂ ኤክሱ አልጠፋም። ወረቀቱ ፀጉር አወጣ።

ቀና ብዬ ትንፋሼን ሳብኩ። መልሼ ሳይ...

ኤክሱ ወፍሯል።

ማንም አልነካውም። እጄ አየር ላይ ነው። በሁለቱ መስመሮች መሃል ግራጫ ነገር እየገባ ነው፤ ቀስ እያለ፣ ውሃ የነካው ጨርቅ እንደሚርሰው። አንዱ ዓይኑ ጋ ደረሰ። ጉንጩ ጋ ደረሰ።

እኔ ካልሞላሁት ራሱ ሊሞላ ነው።

ወደ ምግብ ጠረጴዛው ዞርኩ። ጥቁሩ ከጠረጴዛው እግር አልፎ ወጥቷል። ወለሉ ላይ ነው። ጫማዬ አጠገብ ነው።

እስኪ እናንተ ንገሩኝ፣ ምን ላድርግ? በኛ ሙያ ለተበላሸ ጥቁር መድኃኒቱ አንድ ነው። ነጭ ቀለም። ማንኛዋም አቅላሚ እኔ ቦታ ብትሆን የምታደርገው እሱን ነው። ጠርሙሱን ከፍቼ፣ ወፍራሙን ብሩሽ ነክሬ፣ በኤክሱ ላይ ደፋሁበት። ግራጫው እንዳያመልጠኝ ሰፋ አደረግኩት። ግንባሩም ገባ፣ አፍንጫውም፣ አገጩም። ግድ አልሰጠኝም። «ሥዕል ነው፤ ሩዲ ይትረፍልኝ እንጂ ሥዕሉ ይደረስበታል» አልኩ።

ኤክሱ ጠፋ።

ዞር አልኩ። ወለሉ ተመልሷል! ማንኪያው ከጠረጴዛው ሥር ወድቆ ያብረቀርቃል። ከምድር ቤቱ በር ሥር ቢጫ ብርሃን ወጥቷል። በሩን ከፈትኩት፤ ደረጃው ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ የጎመኑ ጠርሙስ ሳይቀር። ብቻዬን ሳቅሁ። አለቀስኩም። ተገላገልን አልኩ።

የአውቶቡሱ ሞተር ተሰማ። ቆመ። የሩዲ ቦት ጫማ በረንዳው ላይ ተንኳኳ።

በሩ ተከፈተ።

«ናዲን?»

«አቤት! ና ግባ፣ ጉድ ልንገርህ!»

«መብራቱን ለምን አጠፋሽው?»

«የምን መብራት? ቀን እኮ ነው።»

«አትቀልጂብኝ... ሞተሩን ሳጠፋ አብሮ ድርግም አለ። በረንዳውን በዳበሳ ነው ያገኘሁት።»

ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንደሚናገር ሰው የታፈነ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶኝ ግድግዳውን ይዳስሳል። ትከሻው ላይ በረዶ አለ።

«ሩዲ... ወደኔ ዙር።»

ዞረ።

ቁስል አልነበረም። ደም አልነበረም። ዓይን አልነበረም፣ አፍንጫ አልነበረም። ከጆሮ እስከ ጆሮ ንጹሕ ነበር። ገና ምንም ያልተሳለበት።

«ፊቴን ያሳክከኛል» አለ ወንድሜ። «ናዲን? ምን ሆኜ ነው? ለምን ዝም አልሽ?»

አቀፍኩት። እንዳይዳስሰው ሁለቱን እጆቹን ያዝኩ። ወንበር ላይ አስቀምጬው ምላጭ አነሳሁና ነጩን ከገጹ ላይ ልፍቅ ጫፉን ነካ አደረግኩት። ሩዲ ጮኸ። ያን ጩኸት አልነግራችሁም።

ምላጩን ወረወርኩት። ስልክ ደወልኩ። መርል አነሳች፤ ታለቅሳለች። «አሁን አንቺ ከወጣሽ በኋላ ኦርቪል ዓይኑ ጭራሽ ጨለመበት» አለችኝ። «ብርሃን እንኳ አይለይም።»

«አቅርቢልኝ። እባክሽ መርል።»

ነገርኳቸው። ሚስተር ቴንች እስክጨርስ ድረስ አላቋረጡኝም።

«ሳዪው» አሉኝ።

«እኔ መሳል አልችልም! እርስዎ ያውቃሉ እኮ!»

«ሌላ ማን አለ? ፎቶ አውጥተሽ እያየሽ ሳዪው።»

ፎቶዎቹን አወጣሁ። ቁርባን የተቀበለበት፣ ከአባባ ጋር ዓሣ ያጠመደበት፣ አውቶቡሱ በር ላይ የቆመበት። ሁሉም ላይ ከአንገቱ በላይ ነጭ ነው።

«ፊቱ የለም» አልኩ በስልኩ። «ሚስተር ቴንች፣ ሁሉም ላይ የለም...»

«ወንድምሽን ታውቂው የለ? ካወቅሽው ሳዪው።»

በየቀኑ የምታዩትን ሰው ፊት የምታውቁት ይመስላችኋል። እስኪ ዓይናችሁን ጨፍኑና ከቅንድቡ እስከ ዓይኑ ስንት ጣት እንደሆነ ንገሩኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት አብሬው ቁርስ በልቻለሁ። አላውቀውም ነበር። ይህን ሳውቅ የተሰማኝን ሐዘን ለጠላቴም አልመኝም።

እርሳስ አነሳሁ። ነጩ ላይ ግራ ዓይኑን ሳልኩ።

«አየሁሽ!» አለ ሩዲ። «ናዲን፣ አየሁሽ! ለምንድን ነው የምታለቅሺው?»

ቀኙ ትንሽ ከፍ አለብኝ። ላጲስ ለመንካት ፈራሁ፤ ተውኩት። አፍንጫውን ከአባባ አፍንጫ አስታውሼ ሳልኩት። አፉ ቸገረኝ። ጥርስ መሳል ለሰዓሊም ከባድ ነው ይባላል። አንድ መስመር አሰመርኩ። የተዘጋ አፍ። በቃ።

ገጹ ኒውዮርክ አልሄደም። የመጽሔቱ አዘጋጅ በስልክ ሰደበኝ፤ ዘጋሁበት። ሚስተር ቴንች በዚያው ዓመት አረፉ፤ ከዚያ ወዲህ ብሩሽ አልነካሁም። ሩዲ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሰው ሲያገኘው ጫማውን ጫማውን እያየ ሰላም ይለዋል። ምንም ያለው ሰው የለም። አውቶቡሱ ውስጥ ግን ልጆቹ ከዚያ በኋላ አልዘፈኑም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አንድም ቀን አልዘፈኑም።

ይኸው ብዙ ዓመት አለፈ። እኔ አርጅቻለሁ። የሩዲም ፀጉር ሸብቷል፣ እጁ ተጨማዷል፣ ደረጃ ሲወጣ ያቃስታል። ፊቱ ግን ያው ነው። አንድ መጨማደድ የለውም። በተዘጋ አፉ ይናገራል፣ በተዘጋ አፉ ይበላል፤ እንዴት ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ እኔ ሲበላ አላይም። ወንድሜ ግን ነው። ሲቀልድብኝ አውቀዋለሁ።

ይህን ዛሬ የምጽፍላችሁ አለምክንያት አይደለም።

ሩዲ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ከምሳ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም። ስጽፍ ያየኛል።

አሁን ተነስቼ ገጹን ከተቀመጠበት አወጣሁት። አየሁት። ሥዕሉ ላይ አፉ እንደተዘጋ ነው። አንድ መስመር፣ በኔ እጅ የተሰመረው።

እኔ ጥርስ አልሳልኩለትም።

ሩዲ ግን ፊት ለፊቴ እየሳቀ ነው። ድምፅ የለውም። ጥርሱ ነጭ ነው፣ ደቃቅ ነው፣ ብዙ ነው...

ቀና ባልኩ ቁጥር ይጨምራል።